የስድብ ሕግ ከስልክ ሽቦ እስከ ፌስቡክ

በኢንተርኔት የሚጻፍ ስድብ፣ ዛቻና የጥላቻ ቃል ዛሬ በአብዛኞቹ አገሮች በሕግ ይዳኛል። ዳኝነቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አገር በዝምታ የሚያልፈውን ቃል ሌላው በገንዘብ፣ ሦስተኛው በእስራት ይቀጣበታል። ልዩነቱን የወለዱት ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት በየአገሩ የደረሱ ነገሮች፣ ቀጥሎም ፍርድ ቤቶችና ምክር ቤቶች በጥቂት ወሳኝ ጊዜያት የያዟቸው አቋሞች ናቸው። በዚህ ትረካ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከኢንተርኔት በፊት፣ ከ1871 እስከ 1990

የጀርመን የወንጀል ሕግ በ1871 ሲወጣ ሰውን መስደብን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው፤ ድንጋጌው በአንቀጽ 185 እስከ ዛሬ አለ። ፈረንሳይም በ1881 ባወጣችው የፕሬስ ሕግ ለኅትመት ሰፊ ነጻነት ስትሰጥ ስድብንና ስም ማጥፋትን ከነጻነቱ ውጭ አስቀርታለች። በሁለቱም አገሮች የሕጉ መነሻ የግለሰብ ክብር ነበር። የቡድን ጥላቻን የሚመለከተው ሕግ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በ1959 የገና ሰሞን ኮሎኝ ከተማ የሚገኝ የአይሁድ ምኩራብ ላይ የናዚ ምልክት ተቀባ፤ ተመሳሳይ ድርጊት ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። የምዕራብ ጀርመን ምክር ቤት በማግስቱ ዓመት የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 130 እንደ አዲስ ጽፎ በአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ላይ ጥላቻን መቀስቀስን ወንጀል አደረገ። ፈረንሳይ በ1990፣ ጀርመን ደግሞ በ1994 በናዚዎች የተፈጸመውን የአይሁድ ጭፍጨፋ መካድን በግልጽ የሚቀጣ ድንጋጌ ጨመሩ።

አሜሪካ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1969 በኦሃዮ የኩ ክለክስ ክላን መሪ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ መንግሥት ንግግርን ሊቀጣ የሚችለው ንግግሩ ሰዎችን ወዲያውኑ ለሕገ ወጥ ድርጊት ለማነሳሳት የታሰበና ያንንም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ፍርድ ቤት ውስጥ የወታደር ምልመላን በጸያፍ ቃል የሚሳደብ ጃኬት ለብሶ የተገኘን ወጣት ነጻ አወጣ። መንግሥት የቃላት ጨዋነት ዳኛ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ከሁለቱ ውሳኔዎች በኋላ በአሜሪካ አንድን ሰው ወይም አንድን ዘር ማዋረድ ብቻውን ወንጀል ሊሆን አልቻለም። የቀረው ዓለም ይህን ያህል ርቆ አልሄደም።

የብሪታንያ መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሳይታሰብም ለብዙ አገሮች ተርፏል። ፓርላማው በ1935 የፖስታ ቤትን ሕግ ሲያሻሽል «እጅግ ጸያፍ፣ ነውረኛ ወይም የሚያስፈራራ» መልእክት በስልክ መላክን ወንጀል አደረገ። በዚያ ዘመን ስልክ የመንግሥት አገልግሎት ነበር። ደዋይንና ተደዋይን የሚያገናኙት በየማዞሪያው የተቀመጡ ኦፐሬተሮች ሲሆኑ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከሕጉ ዓላማዎች አንዱም እነሱን ከባለጌ ደዋይ መጠበቅ ነበር። ነገሩ ትንሽ፣ ቅጣቱም ቀላል ስለነበር ማንም ብዙ አልተከራከረበትም። ሐረጉ ግን በ1953፣ በ1969 እና በ1984 በወጡ ሕጎች ላይ እየተገለበጠ መጥቶ በ2003 የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 127 ላይ አረፈ። በመንገዱ ላይ «ስልክ» የሚለው ቃል ሰፍቶ «የሕዝብ ኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን መረብ» ሆነ። ስለዚህ ብሪታንያ ለማኅበራዊ ሚዲያ ስድብ አዲስ ሕግ መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ለስልክ የተጻፈው ትዊተር ከመፈጠሩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

## 26 ቃላትና አንድ የባቫሪያ ዐቃቤ ሕግ፣ ከ1991 እስከ 1999

የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ክርክሮች የተነሱት ተሳዳቢው ላይ ሳይሆን ስድቡን ያስተናገደው ኩባንያ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1991 የስም ማጥፋት ክስ የቀረበበት ኮምፑሰርቭ፣ ደንበኞቹ የሚጽፉትን አስቀድሞ ስለማያይ እንደ መጽሐፍ ሻጭ ይቆጠራል ተብሎ ዳነ። በ1995 ግን ፕሮዲጂ የተባለው ተመሳሳይ ኩባንያ ስትራተን ኦክሞንት በተባለ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ተከሶ ተረታ። የተረታበት ምክንያት የሚገርም ነው፦ ለቤተሰብ የሚመች ንጹሕ መድረክ አለኝ እያለ ጸያፍ ጽሑፎችን ይሰርዝ ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ ቆጠረው። ግቢውን የጠረገ ለቀረው ቆሻሻ ተጠያቂ ሆኖ፣ ጨርሶ ያልጠረገው ጎረቤቱ ነጻ የሚሆንበት ሕግ ሆነ።

ይህን ለማስተካከል የካሊፎርኒያው ክሪስ ኮክስና የኦሬገኑ ሮን ዋይደን ከሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች ሆነው አንድ ረቂቅ አቀረቡ። ዋናው ድንጋጌ በእንግሊዝኛ 26 ቃላት ብቻ ነው፤ ይዘቱም በኮምፒዩተር አማካይነት አገልግሎት የሚሰጥ አካል ሌላ ሰው ላቀረበው ነገር እንደ አሳታሚ ወይም ተናጋሪ አይቆጠርም የሚል ነው። በዚያው ወቅት የነብራስካው ሴናተር ጄምስ ኤክሰን ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሊያዩት በሚችሉበት ሁኔታ ነውረኛ ነገር የሚያሰራጭን ሰው እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ሌላ ረቂቅ ነበራቸው። ዓላማቸው የማይመሳሰለው ሁለቱ ረቂቆች በአንድ ሕግ ታጭቀው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በየካቲት 1996 ፈረሙባቸው።

በማግስቱ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኤክሰንን ክፍል ሻረው። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ በጻፉት ውሳኔ ኢንተርኔት እንደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሳይሆን እንደ መጽሐፍና ጋዜጣ ሙሉ ጥበቃ ይገባዋል ተባለ፤ ልጆችን ለመጠበቅ ሲባል የአዋቂዎችን ንግግር በልጅ ልክ መቁረጥም አይቻልም። የኮክስና የዋይደን ክፍል ግን ሳይነካ ቀረ። አንቀጽ 230 በመባል የሚታወቀው እሱ ነው። ነውርን ለመከልከል የወጣ ሕግ ክልከላው ተቆርጦለት ነጻነቱ ብቻ ተረፈ፤ በኋላ የመጡት ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ትዊተርም ያደጉት በዚህ ጥበቃ ሥር ነው።

በአትላንቲክ ማዶ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1995 መጨረሻ የባቫሪያ ዐቃቤ ሕግ በሙኒክ የሚገኘውን የኮምፑሰርቭ ቢሮ ከፈተሸ በኋላ ኩባንያው በአብዛኛው ወሲብ ነክ የሆኑ 200 ያህል የውይይት ቡድኖችን ዘጋ። ለጀርመን ደንበኞች ብቻ ለይቶ የሚዘጋበት ዘዴ ስላልነበረው በዓለም ዙሪያ ያሉት አራት ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ ሁሉ ተዘጋባቸው። የአንድ ክፍለ ሀገር ሕግ አስፈጻሚ መላውን ዓለም ሊያዝ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። የኩባንያው የጀርመን ኃላፊ በ1998 ተፈርዶባቸው የሁለት ዓመት እስራት በገደብ ተወሰነባቸው፤ በችሎቱ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ነጻ ይለቀቁ ብሎ ነበር። በይግባኝ ነጻ የወጡት በ1999 ነው።

## ድንበር ወደ ኢንተርኔት ሲገባ፣ ከ2000 እስከ 2003

በሚያዝያ 2000 ሁለት የፈረንሳይ ማኅበራት ያሁን ፓሪስ ላይ ከሰሱ። አንደኛው ዘረኝነትንና ፀረ አይሁድነትን የሚታገል ማኅበር፣ ሁለተኛው የአይሁድ ተማሪዎች ኅብረት ነበር። በያሁ የጨረታ ገጽ የናዚ ዕቃዎች ይሸጡ ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ ማሳየት ወንጀል ነው። ያሁ ገጹ ለአሜሪካውያን የተዘጋጀ እንደሆነና ኢንተርኔት ድንበር ስለሌለው ፈረንሳውያንን ለይቶ መከልከል እንደማይቻል ተከራከረ።

ዳኛ ዣን ዣክ ጎሜዝ ክርክሩን በቃል አልተቀበሉም፤ የባለሙያ ቡድን አቋቁመው እንዲመረመር አዘዙ። ከባለሙያዎቹ አንዱ ከኢንተርኔት መሥራቾች የሚቆጠሩት ቪንት ሰርፍ ነበሩ። የተገኘው መልስ ያሁን አልረዳም፦ ከፈረንሳይ ከሚገቡት ተጠቃሚዎች 70 በመቶ ያህሉን በኢንተርኔት አድራሻቸው መለየት ይቻላል። ያሁ ራሱም በገጾቹ ላይ ለፈረንሳይ ጎብኚዎች በፈረንሳይኛ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ ደንበኛን ለንግድ የለየ ለሕግ መለየት እንዴት አቃተው የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። በኅዳር 2000 ፍርድ ቤቱ የሦስት ወር ጊዜ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 100,000 ፍራንክ ቅጣት ጣለ።

ያሁ ትእዛዙን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲቃወም ቆየ፤ በ2001 በመጀመሪያ ደረጃ ረታ፣ በ2006 ግን ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ሻረበት። ክርክሩ ሳያልቅ ኩባንያው በ2001 መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በፈቃዱ ከጨረታው አስወጥቶ ነበር። ለቀጣዩ ዘመን ምሳሌ የሆነው ይህ ፈቃደኝነት ነው፦ ኩባንያዎች በችሎት የማይቀበሉትን ሕግ ገበያቸውን ላለማጣት በውስጥ ደንባቸው ይፈጽሙታል። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2000 ከአውስትራሊያ በተሠራ ገጽ ላይ የአይሁድን ጭፍጨፋ የካደ ሰው፣ ጽሑፉ ጀርመን ውስጥ እስከተነበበ ድረስ በጀርመን ሕግ ይጠየቃል ብሎ ወሰነ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2003 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸሙ የዘረኝነት ድርጊቶችን የሚመለከት ተጨማሪ ፕሮቶኮል ለፊርማ ሲያቀርብ አሜሪካ ከዋናው የሳይበር ወንጀል ስምምነት ገብታ ከዚህኛው ግን ቀረች።

## ተራው ተጠቃሚ ችሎት ሲቀርብ፣ ከ2006 እስከ 2023

ማኅበራዊ ሚዲያ ሲስፋፋ የተከሳሹ ማንነት ተለወጠ። ያለ አዘጋጅና ያለ ጠበቃ ከስልኩ የሚጽፍ ተራ ሰው ዐቃቤ ሕግ ፊት መቆም ጀመረ። የ1935ቱ ሐረግም የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው።

የብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት በ2006 አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ያህል ወደ ፓርላማ ተወካዩ ቢሮ እየደወለ በዘረኛ ቃላት ሲናገር የነበረበትን ጉዳይ አየ። የሥር ፍርድ ቤቶች ነገሩ ጸያፍ ቢሆንም «እጅግ ጸያፍ» አይደለም ብለው ነጻ ለቀውት ነበር፤ የሎርዶቹ ዳኞች ግን ጥፋተኛ አሉት። ወንጀሉ የሚፈጸመው መልእክቱ በተላከበት ቅጽበት ነው፤ ሰሚው ይከፋ አይከፋ፣ ጨርሶም ይስማው አይስማው ለውጥ አያመጣም ተባለ።

ውሳኔው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በጥር 2010 በረዶ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘውን የሮቢን ሁድ አውሮፕላን ማረፊያ ዘጋው። ወዳጁን ሊጎበኝ ወደ ቤልፋስት ለመብረር ያሰበ ወጣት ቶሎ ካልከፈታችሁ ማረፊያውን አፈነዳዋለሁ የሚል ቀልድ በትዊተር ጻፈ። የማረፊያው ሠራተኞች ያገኙት ከቀናት በኋላ ሲሆን ማንንም አላስደነገጠም። ቢሆንም ወጣቱ በ«የሚያስፈራራ መልእክት» ተከሶ ከነወጪው ወደ 1,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ ሥራውንም አጣ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በሐምሌ 2012 ነው። በማግስቱ ዓመት የያኔው የዐቃቤ ሕግ ኃላፊ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኪር ስታርመር፣ ቅር የሚያሰኝ ወይም የሚያስደነግጥ መሆኑ ብቻውን ለክስ እንደማይበቃ የሚገልጽ መመሪያ አወጡ። ሕጉ ሳይነካ አጠቃቀሙን በመመሪያ ማለዘብ የብሪታንያ ባህርይ ነው፤ ጥበቃው ግን በከሳሹ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሐረጉ በዚህ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ህንድ በ2008 የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕጓን ስታሻሽል «እጅግ ጸያፍ» መልእክትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣ አንቀጽ 66ኤ የተባለ ድንጋጌ ጨመረች። የስልክ ኦፐሬተሮችን ለመጠበቅ የታሰበው ቀላል ጥፋት በብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ላይ የተደቀነ ከባድ ወንጀል ሆነ። በኅዳር 2012 የፖለቲካ መሪው ባል ታካሬይ ሲሞቱ ሙምባይ ተዘግታ ዋለች። በአቅራቢያዋ ፓልጋር ከተማ የምትኖር ወጣት ከተማዋ የተዘጋችው በአክብሮት ሳይሆን በፍርሃት ነው ብላ ፌስቡክ ላይ ጻፈች፤ ጓደኛዋ «ላይክ» አደረገችው። ሁለቱም ታሰሩ።

ሽሬያ ሲንጋል የተባለች የ21 ዓመት ወጣት ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በመጋቢት 2015 ዳኛ ሮሂንተን ናሪማን በጻፉት ውሳኔ አንቀጽ 66ኤ በሙሉ ተሻረ። ውሳኔው በውይይት፣ ሐሳብን በማስረጽና በማነሳሳት መካከል ያለውን ልዩነት ዘርዝሮ፣ ሕግ መግባት ያለበት በሦስተኛው ላይ ብቻ እንደሆነ ያስረዳል። ይበልጥ የሚመስጠው ግን ለአሻሚነቱ የቀረበው ማስረጃ ነው። ናሪማን ከላይ የተነገሩትን ሁለት የብሪታንያ ጉዳዮች አንስተው፣ የሠለጠኑ ዳኞች በአንድ ቃል መለኪያ አንዱ ጥፋተኛ ሲል ሌላው ነጻ እንዳለ አሳዩ፤ ዳኞች ያልተስማሙበትን ተራ ዜጋ እንዴት አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል? ሐረጉ በተወለደበት አገር ያጋጠመው ችግር በተቀዳበት አገር መሻሪያው ሆነ። የህንድ ፖሊስ ግን በተሻረው አንቀጽ ሰዎችን መክሰሱን ለዓመታት ስላላቆመ ፍርድ ቤቱ በ2021 መደነቁን ገልጿል።

በምሥራቅ አፍሪካም ተመሳሳይ ጉዞ ታየ። የኬንያ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 29 «እጅግ ጸያፍ» መልእክትን እስከ ሦስት ወር እስራትና 50,000 ሽልንግ ይቀጣ ነበር፤ ሕጉ በብሎገሮችና በመንግሥት ተቺዎች ላይ ሲደጋገም ዳኛ ሙምቢ ንጉጊ በሚያዝያ 2016 ሻሩት። ኡጋንዳ ውስጥ ምሁሯ ስቴላ ኛንዚ ስለ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በፌስቡክ ባወጡት ግጥም በ2019 የ18 ወር እስራት ተፈረደባቸው። በ2020 በይግባኝ ተለቀቁ፤ «ጸያፍ መልእክት»ን የሚቀጣው አንቀጽ ደግሞ በጥር 2023 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውድቅ ሆነ።

## ሸክሙ ወደ ኩባንያዎች ሲዞር፣ ከ2015 እስከ 2018

ተጠቃሚዎችን አንድ በአንድ መክሰስ የትም እንደማያደርስ ሲታይ የአውሮፓ ትኩረት ወደ አስተናጋጁ ተመለሰ። መንገዱን የጠረገው ከትንሿ ኢስቶኒያ የመጣ ጉዳይ ነው። ዴልፊ የተባለው የዜና ድረ ገጽ በ2006 ስለ አንድ የጀልባ ኩባንያ ዘገባ አወጣ፤ ከሥሩ ከተጻፉት 185 አስተያየቶች 20 ያህሉ ዛቻና ስድብ ነበሩ። ድረ ገጹ አቤቱታ በቀረበበት ዕለት ቢያነሳቸውም ስድስት ሳምንት ቆይተዋልና ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት። ካሳው 320 ዩሮ ብቻ ነበር። በሰኔ 2015 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት ፍርዱን ሲያጸናው ግን አውሮፓ ከአንቀጽ 230 ምን ያህል እንደራቀች ግልጽ ሆነ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1976 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት የሚያስከፋና የሚያስደነግጥ ንግግርንም ያካትታል ያለ ነው፤ አሁን ደግሞ ነጻነቱ ከጥላቻና ከዛቻ ጋር የሚለያይበትን ድንበር አበጀለት።

በዚያው ዓመት በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ጀርመን ሲደርሱ የጥላቻ ጽሑፍ ፌስቡክን አጥለቀለቀው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሃይኮ ማስ መጀመሪያ ኩባንያዎቹን በውይይት ለማግባባት ሞከሩ፤ ውጤቱ አላረካቸውም። ምክር ቤቱ በሰኔ 2017 ያጸደቀው ሕግ ጀርመን ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ያላቸው መድረኮች በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነን ጽሑፍ በ24 ሰዓት፣ ሌላውን በአብዛኛው በሰባት ቀን እንዲያነሱ አዘዘ። ቅጣቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። ሕጉ አዲስ ወንጀል አልፈጠረም፤ የ1871ንና የ1960ን ድንጋጌዎች የማስፈጸሙን ሥራ ከዳኛ ወደ ኩባንያ ሠራተኛ አዞረ። ለመተቸትም ለመወደስም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ በጀመረበት በጥር 2018 የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትዊተር አንዲት የቀኝ አክራሪ ፓርቲ የምክር ቤት አባል ስለ ሙስሊሞች የጻፉትን አነሳ። ከዚያ በእሳቸው የቀለደውን የ«ታይታኒክ» የስላቅ መጽሔት ገጽም ዘጋ። ማሽኑና የቸኮለው ገምጋሚ ጥላቻንና በጥላቻ ላይ የሚደረግን ስላቅ አልለዩም። ሌሎች መንግሥታት ግን ከጀርመን ሕግ የወሰዱት ጥንቃቄውን ሳይሆን ቅጣቱን ነው። ቬንዙዌላ በኅዳር 2017 ጥላቻን መቀስቀስን እስከ 20 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣች፤ ዋና ዒላማዎቹም የመንግሥት ተቃዋሚዎች ሆኑ።

## ከክራይስትቸርች እስከ አዲስ አበባ፣ 2019 እና 2020

በመጋቢት 15 ቀን 2019 ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ ታጣቂ በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ሰዎችን ገደለ፤ ግድያውንም በፌስቡክ በቀጥታ አሰራጨ። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን ማጥፋቱን አስታወቀ። አውስትራሊያ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለውን ምስል በፍጥነት ያላነሳ ኩባንያ ከዓመታዊ ገቢው እስከ 10 በመቶ የሚቀጣበት፣ ግለሰብ ደግሞ የሚታሰርበት ሕግ አወጣች። ፈረንሳይ የጀርመንን የ24 ሰዓት ገደብ የተከተለ ሕግ በግንቦት 2020 አጸደቀች፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ግን በማግስቱ ወር ዋናውን ክፍል ጣለው። ያለ ዳኛ በአንድ ቀን ውስጥ መወሰን ኩባንያዎችን አጠራጣሪውን ሁሉ ወደ ማጥፋት ይገፋል ነበር ምክንያቱ።

የኢትዮጵያ ሕግ የወጣው በዚሁ ማዕበል ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሲያጎናጽፍ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። የወንጀል ሕጉ ስድብንና ስም ማጥፋትን ይቀጣል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በኮምፒዩተር አማካይነት ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ጨመረበት። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የፖለቲካው በር ሲከፈት የማኅበራዊ ሚዲያ ቅስቀሳና የብሔር ግጭት አብረው ጎሉ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ።

አዋጁ የጥላቻ ንግግርን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ብሎ ይተረጉመዋል። ተራ ስድብ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ለትምህርት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርትም ከለላ አለው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሲሆን በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ቅጣቱ ይከብድበታል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ቢታዘዙም፣ ሳያነሱ ቢቀሩ እንደ ጀርመኑ ያለ የገንዘብ ቅጣት አልተጻፈባቸውም። እስራቱ የጸሐፊው፣ አደራው የኩባንያው ሆነ። በውጭ አገር የሚጻፈው አማርኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊን የሚያስከስሰው ጽሑፍ ሜሪላንድ ውስጥ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ደግሞ በአንቀጽ 130 ሊያስጠይቅ የሚችል ሊሆን ይችላል።

## ከ2022 ወዲህ

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያጸደቀውና ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የጀርመንን ሕግ በአብዛኛው ተካው። በኅብረቱ ውስጥ 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች ሥርዓታቸው የሚያስከትለውን አደጋ ራሳቸው እንዲገመግሙና እንዲቀንሱ ያስገድዳል፤ ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ነው። አንድ ጽሑፍ ሕገ ወጥ መሆን አለመሆኑን ግን አሁንም የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው።

ብሪታንያ በጥቅምት 2023 ባወጣችው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ኦፍኮም ለተባለው ተቆጣጣሪ እስከ 10 በመቶ ገቢ የሚደርስ ቅጣት የመጣል ሥልጣን ሰጠች። የሕግ ማሻሻያ ኮሚሽኑ «እጅግ ጸያፍ» የሚለው ድንጋጌ ቀርቶ በሰው ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚለካ ወንጀል እንዲተካው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንግሥት ግን ተተኪው የሰውን ስሜት መጎዳት ወንጀል ያደርጋል በሚል ተቃውሞ በ2022 መጨረሻ ተወው፤ ተተኪ ስለጠፋ አሮጌው እንዳለ ቀጠለ። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዛቻን ለመቅጣት ተናጋሪው ቃሉ እንደሚያስፈራራ ቢያንስ ማወቅና ቸል ማለት አለበት ብሎ የከሳሽን ሸክም አከበደ። በ2025 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የአሜሪካውያንን ንግግር ያፍናሉ ለሚላቸው የውጭ ባለሥልጣናት ቪዛ እንደሚከለክል አስታወቀ።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ጉዳይ ያለው ናይሮቢ ነው። በታኅሣሥ 2022 ሁለት ኢትዮጵያውያንና ካቲባ የተባለው የኬንያ ተቋም የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሱ። ከከሳሾቹ አንዱ፣ በ2014 ዓ.ም. የተገደሉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ልጅ ነው፤ ከግድያው በፊት አባቱን የሚያነውሩና መኖሪያቸውን የሚጠቁሙ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው፣ እንዲነሱ ቢጠቁምም በጊዜው እንዳልተነሱ ይናገራል። ክሱ ናይሮቢ የቀረበው ለአካባቢው አገሮች የሚሠራው የይዘት ገምጋሚዎች ማዕከል እዚያ ስለነበር ነው። ከሳሾቹ ለተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚደርስ የካሳ ፈንድ እንዲቋቋምና ጥላቻን ወደ ብዙ ሰው የሚገፋው አልጎሪዝም እንዲስተካከል ጠይቀዋል። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት በአሜሪካ ኩባንያ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቃወሚያውን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የወሰነው በሚያዝያ 2025 ነው፤ ዋናው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነጥብ ነው።